የዶክትሬት ዕድል ማስታወቂያ ሲወጣ ከፋዩ ማን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

«ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የትምህርት ዕድል» የሚሉ ማስታወቂያዎች በጋዜጦችና በቴሌግራም ቻናሎች በየሳምንቱ ይወጣሉ። በሞለኪዩላር ባዮሎጂና በባዮሜዲካል ሳይንስ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚወጡት ብዙዎቹ ግን ዋናውን ነገር አይናገሩም፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ተማሪውን የሚመርጠውም ማን እንደሆነ አይጻፍም። እነዚህን ሁለቱን ያላወቀ አመልካች ደብዳቤውን ለማይመለከተው ሰው ይልካል፤ አለዚያም «ፕሮሰስ እናደርግልሃለን» ለሚል ደላላ ቤተሰቡ ያጠራቀመውን ብር ያስረክባል።

በዚህ ሙያ የላቦራቶሪውን ሥራ በዋናነት የሚሠራው የዶክትሬት ተማሪ ነው። ፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ሲያገኝ ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የሰው ኃይል ነው፤ እሱም ለዶክትሬት ተማሪዎችና ዶክትሬታቸውን ጨርሰው በምርምር ለተቀጠሩ ይከፈላል። በመሆኑም በአሜሪካ የታወቁት የባዮሜዲካል ዶክትሬት ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን፣ የጤና መድኅኑንና ወርኃዊ አበሉን ራሳቸው ይሸፍናሉ። በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ ዩኒቨርሲቲው የሚቀጥረው ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ ያገኛል፣ ግብር ይከፍላል፣ የትምህርት ክፍያ ግን የለበትም። በጀርመንና በኦስትሪያ የምርምር ተቋማትም አብዛኛው የሚሠራው በሥራ ውል ነው። ስለዚህ «ተቀብለንሃል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ክፈል» የሚል ደብዳቤ ከእነዚህ አገሮች በዚህ ሙያ የደረሰው ሰው ብር ከመላኩ በፊት ቆም ብሎ ማጣራት አለበት።

እንግሊዝ አገር ትንሽ ለየት ይላል። እዚያ ቅበላና ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሊሆኑ ይችላሉ። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ አመልካቹን በእውነት ተቀብሎ ገንዘብ ላይሰጠው ይችላል፤ የቅበላ ደብዳቤውን ይዞ ስፖንሰር ፍለጋ መዞር ዓመት ይበላል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች በኢትዮጵያ ዜግነት አይገኝም፤ «ለአፍሪካውያን» ተብሎ ሲሰራጭ አይቶ ቀኑን የሚያቃጥል ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ መራጩ። በአሜሪካ ብዙዎቹ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች ተማሪ የሚቀበሉት በኮሚቴ ነው። የተመረጠው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ወይም በሦስት ላቦራቶሪዎች ለጥቂት ጥቂት ሳምንታት እየተዘዋወረ ይሠራል፤ ሮቴሽን ይሉታል። ከዚያ በኋላ ነው እሱም አማካሪውን፣ አማካሪውም እሱን የሚመርጡት። እንዲህ ላለው ፕሮግራም ለአንድ ፕሮፌሰር «ይቀበሉኝ» ብሎ መጻፍ ብዙ አይጠቅምም፤ ፕሮፌሰሩ ቢፈልግም ብቻውን አይቀበልም። ቪየና አጠገብ ክሎስተርኖይቡርግ ያለው የኦስትሪያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ማመልከትም ይፈቅዳል። ዋና መቀመጫው ሃይድልበርግ የሆነው የአውሮፓ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ደግሞ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በስፔንና በእንግሊዝ ላሉት ጣቢያዎቹ ማመልከቻ የሚቀበለው በአንድ ቋት ነው፤ የአመልካቹን ዜግነት አይለይም።

በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ክፍት የሥራ ቦታ፣ አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ አማካሪ ነው። ማስታወቂያው የሚወጣው ዩኒቨርሲቲው የሥራ ማስታወቂያ በሚያወጣበት ገጽ ላይ ስለሆነ «ስኮላርሺፕ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ጨርሶ አያገኘውም። የሚመርጠው ፕሮፌሰሩ ነውና አስቀድሞ አጭር ኢሜይል መጻፍ እዚህ ይጠቅማል። ኢሜይሉ ከአንድ የስልክ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከላቦራቶሪው አንድ ጽሑፍ አንብቦ ከውስጡ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ማንሳት፣ የራስን የምርምር ሥራ በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ፣ የሥራና የትምህርት ታሪክን በፒዲኤፍ ማያያዝ ይበቃል። ለሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ «ክቡር ፕሮፌሰር» የሚል ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል።

የአውሮፓ ኅብረት ማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችም እንዲሁ በፕሮጀክት ይቀጥራሉ፤ ክፍት ቦታዎቹ የሚለጠፉት ዩራክሰስ በተባለው ገጽ ነው። በማንኛውም ዜግነት ማመልከት ይቻላል፤ ብዙዎችን የሚጥለው የመዘዋወር ደንቡ ነው። ቅጥሩ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በቀጣሪው አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም ዋና ሥራውን እዚያ የሠራ ሰው አይቀጠርም። ጀርመን ውስጥ ሁለት ዓመት ማስተርስ ተምሮ አሁን የጨረሰ ልጅ ጀርመን ላለው ቦታ ያመለከተ እንደሆነ ከመነበቡ በፊት ይወድቃል፤ ያው ሰው ሆላንድ ወይም ዴንማርክ ላለው ቦታ ብቁ ነው። በጄኔቫው ስምምነት መሠረት የስደተኝነት ጥያቄው እየታየለት የቆየበት ጊዜ አይቆጠርበትም። በአውሮፓ ያሉ ልጆቻችን ይህን ስለማያውቁ ራሳቸውን ከውድድር ያወጣሉ።

ማስተርስ የሌለው ሰው ጀርመን አይገባም የሚባለውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። አብዛኞቹ የጀርመን ፕሮግራሞች ማስተርስ መጠየቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎቲንገን ያለው የማክስ ፕላንክ ዓለም አቀፍ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ትምህርት ቤት ማስተርሱንና ዶክትሬቱን አያይዞ ስለሚሰጥ በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላል፤ የሚማረውም በእንግሊዝኛ ነው። በአሜሪካ በኩል ሌላ እንቅፋት አለ። ባዮሎጂን በሦስት ዓመቱ ሥርዓተ ትምህርት የጨረሱ ተመራቂዎቻችን በቀጥታ ሲያመለክቱ የአራት ዓመት ዲግሪ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ሊመልሳቸው ይችላል። ማስተርስ ያለው ሰው በአብዛኛው ይህ አይገጥመውም፤ የሌለው ግን የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈሉ በፊት የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱን በኢሜይል ይጠይቅ።

በአሜሪካ ላሉ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ በተለይ መነገር ያለበት ነገር አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የዶክትሬት ማሠልጠኛ ገንዘብ የተፈቀደው ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚያመለክት ልጅ ለውጭ ዜጋ የሚሆኑት ወንበሮች ጥቂት የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዲቪ የገባ ሰው ግን ግሪን ካርድ እስካለው ድረስ ለዚህ ገንዘብ እንደ ዜጋ ብቁ ነው። በአገሩ በሜዲካል ላቦራቶሪ ወይም በባዮሎጂ ተመርቆ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ወይም ታክሲ የሚነዳ ስንት ሰው አለ! ማመልከቻው ላይ የነዋሪነት ሁኔታን በሚጠይቀው ቦታ «ቋሚ ነዋሪ» የሚለውን መምረጥ አለበት፤ በልማድ «የውጭ ተማሪ» ብሎ የሞላ ራሱን ወደ ጠባቡ ወረፋ ያስገባል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ትተውታል። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ልምድ ነውና በአቅራቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል በምርምር ረዳትነት ተቀጥሮ መቆየት ከአዲስ ማስተርስ ክፍያ ይሻላል።

እስራኤል ውስጥ ሬሆቮት ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ እዚያው ከተማ ያለው የቫይስማን ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይሰጣል፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ለተማሪዎቹም አበል ይሰጣል። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ከጅዳ በስተሰሜን ቱዋል ላይ ያለው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ ጀምሮ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ክፍያና አበል ይሸፍናል። ሁለቱም በእኛ ሰዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቁም።

ከአገር ሳይወጡም ይሠራል። በአለርት ግቢ ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በሥጋ ደዌ ጀምሮ ዛሬ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባና በሌሎች በሽታዎች ላይ ይሠራል፤ ተማሪው ዲግሪውን ከዩኒቨርሲቲ እያገኘ የላቦራቶሪ ሥራውን እዚያ ማካሄድ ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ለአገር ውስጥ ቅበላ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ግዴታ መሆኑ አይረሳ። ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አፍሪካውያን የዶክትሬት ተማሪዎችን ያሠለጥናል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ወባ ትንኝ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሃር ላይ በተገኘችበት አገር የትንኝ ዘረመል የሚያጠና ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያዳግትም። የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የሞለኪዩላር ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ፕሮግራም ኬንያ ውስጥ ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ሴቶች ደግሞ መቀመጫው ትሪየስቴ ጣሊያን የሆነው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ጥሪ ሲያወጣ እንዳያመልጣቸው፤ በሌላ ታዳጊ አገር ዶክትሬት ለሚማሩ ሴቶች ይከፍላል። ዳአድ የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት በአፍሪካ ውስጥ ለሚማሩም ገንዘብ አለው፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ዲግሪ ወዲህ ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈበትን በአብዛኛው አይቀበልም። «ትንሽ ልሥራና ከዚያ» የሚል ሰው ይህን ቀን ይቁጠር።

እስካሁን ያልኩት የት ማመልከት እንደሚቻል ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጥለው ግን ሌላ ነው። የእኛ ተማሪዎች ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የቴክኒክ ዝርዝር ነው፤ «ዲኤንኤ ማውጣት፣ ፒሲአር፣ ጄል ኤሌክትሮፎሬሲስ እችላለሁ» ይላል። ጠያቂው ይህን አይፈልግም፤ ማሽኑን በሁለት ሳምንት ማስተማር ይቻላል። የሚፈልገው አመልካቹ የራሱን ውጤት መጠርጠር ይችል እንደሆነ ማወቅ ነው።

አንድ ምሳሌ ከእኛው አገር ላንሳ። አብዛኛው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚለየው የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የጠፋበት ተውሳክ በመጀመሪያ ፔሩ ውስጥ፣ በኋላም ኤርትራና ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል፤ በሽተኛው ወባ እያለበት መመርመሪያው «የለም» ይላል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ይህን አጠና እንበል። የደም ጠብታ ከደረቀበት ወረቀት ዲኤንኤ አወጣ፣ ዲኤንኤን የሚያባዛውን ፒሲአር ሠራ፣ የተባዛው ዲኤንኤ እንደ መስመር በሚታይበት ጄል ላይ የኤችአርፒ2 መስመር አልታየም። «ዘረመሉ ጠፍቷል» ብሎ ጻፈ። ጠያቂው የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፦ መስመር ያልታየው ዘረመሉ ስለሌለ ነው ወይስ ዲኤንኤው ስለሌለ?

ሁለቱም ጄሉ ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ሆነው ይታያሉ። የሚለየው ከዚያው ከአንዱ ናሙና በተውሳኩ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ሌላ ዘረመል፣ ለምሳሌ ኤምኤስፒ1ንና ኤምኤስፒ2ን፣ በማባዛት ነው። እነሱ ታይተው ኤችአርፒ2 ካልታየ ስለ መጥፋት መናገር ይቻላል፤ እነሱም ካልታዩ ናሙናው ከስሌቱ ይወጣል። የተውሳኩ ብዛት አነስተኛ የሆነበት ደም መጀመሪያውኑ አይገባም። በቅርብ የሚመስለው ኤችአርፒ3ም ለብቻው መታየት አለበት፤ የእሱ ፕሮቲን መመርመሪያውን አንዳንዴ ያስነሳዋልና። ለማነጻጸር መቆጣጠሪያ የሚሆኑት የተውሳኩ የላቦራቶሪ ዝርያዎችም የታወቁ ናቸው፤ 3ዲ7 ሁለቱም ዘረመሎች አሉት፣ ዲዲ2 ኤችአርፒ2 የለውም፣ ኤችቢ3 ደግሞ ኤችአርፒ3 የለውም። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስሮጠ ጄል ማንም ሊከራከረው አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ባዶው መቆጣጠሪያህ ላይ መስመር ቢታይስ?» ነው። 25 ማይክሮ ሊትር በሆነ ድብልቅ ውስጥ 12.5 የተዘጋጀ ማስተር ሚክስ (ኢንዛይሙ ያለበት ቅይጥ)፣ ከሁለቱ ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል ከሚለዩት አጫጭር ዲኤንኤዎች) ከእያንዳንዳቸው 10 ማይክሮ ሞላር የሆነ 1 ማይክሮ ሊትር፣ 2 ናሙና፣ የቀረው 8.5 ውኃ ነው እንበል። ባዶው ላይ በናሙናው ፈንታ ውኃ ይገባል። እሱ ላይ መስመር ከታየ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይጣላል፤ «ሌሎቹ ጥሩ ናቸው» አይባልም። ውኃው፣ ፕራይመሩና ማስተር ሚክሱ አንድ በአንድ በአዲስ እየተተኩ ብክለቱ ከየት እንደመጣ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ምንጩ የተባዛው ዲኤንኤ ራሱ ነው፤ ጄል በሚጫንበት ጠረጴዛና በዚያው ፒፔት ድብልቅ ሲዘጋጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ክፍሉም ፒፔቱም ጋዋኑም መለየት አለበት። በእኛ ላቦራቶሪዎች መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ይሞቃል፣ ኢንዛይሙም ይደክማል፤ ፕራይመር ደጋግሞ እየቀለጠ ሲቀዘቅዝም ይበላሻል። ፕራይመሩን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ ያስቀመጠ፣ መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት በደብተሩ የመዘገበ፣ ያንን ቀን ሥራ የደገመ ተማሪ ይህን ማመልከቻው ላይ ይጻፈው። እጥረት ባለበት ላቦራቶሪ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ዋጋ አለው፤ ማፈሪያ አድርገው የሚደብቁት ብዙዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የፍላጎት መግለጫው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» ብሎ ባይጀምር ይሻላል። ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን ተሠራ፣ ምን አልሠራ አለ፣ ለምን ይመስላል፣ ቀጥሎ ምን መደረግ አለበት፤ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። የላቦራቶሪ ኬሚካል ለሌለው ተማሪም መንገድ አለ። በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች በነፃ የተቀመጡ የዘረመል ቅደም ተከተሎች አሉ፤ ጋላክሲ በሚባለው ነፃ የኦንላይን መድረክ ወይም አር በሚባለው ፕሮግራም ተንትኖ አንድ ጥሩ ሥራ ማውጣት ይቻላል። ውጤቱን ለማሳተም ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይቶ ለሚያትም መጽሔት መክፈል አያስፈልግም፤ ገና በባለሙያ ያልተገመገሙ ጽሑፎች በሚቀመጡበት ባዮአርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማስቀመጥ ይቻላል። በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል፤ ይክፈሉ» የሚል መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ በማመልከቻው ላይ መቀመጡ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ያለን ልማድ በግልጽ መነገር አለበት። መምህሩ «አንተው ጽፈህ አምጣ፤ እፈርማለሁ» ይላል። ተማሪው ሦስቱንም ይጽፋል፤ ሦስቱም አንድ ቋንቋ፣ አንድ ምስጋና ይሆናሉ። የሚያነበው ኮሚቴ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ በብዙ ቦታም ማጭበርበር ነው። ዲን ወይም የክፍል ኃላፊ የጻፈው በማዕረግ የተሞላ ደብዳቤ፣ ተማሪውን ከጄል ጋር ሲታገል ያየው አማካሪ ከጻፈው አንድ ገጽ ያንሳል። ተማሪው መሥራት ያለበት ለመምህሩ አንድ ገጽ ማስታወሻ መስጠት ነው፦ የትኛውን ኮርስ ከእሱ ጋር እንደወሰደ፣ የምርምር ርዕሱ ምን እንደነበር፣ የትኛው ሙከራ ከሽፎ እንዴት እንደተስተካከለ፣ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚያመለክት። ይህንም ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይስጥ። ደብዳቤው የሚጠየቀው በኦንላይን ማመልከቻው በኩል ለመምህሩ በሚላክ ሊንክ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል መስጠት ያስፈልጋል፤ ሊንኩ ስፓም ውስጥ ገብቶ መምህሩ መስክ ላይ ሳለ ቀኑ ያለፈበት ብዙ ነው። መምህራንም የሥራ ባልደረቦቼ ናችሁና ይህን ልለምናችሁ፤ ራሳችሁ ጻፉ።

ሰነድ ሌላው ጣጣ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል። ደግነቱ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በማመልከቻ ጊዜ የሚጠይቁት የስካን ቅጂ ነው፤ ኦፊሴላዊውን የሚፈልጉት ከተቀበሉ በኋላ ነው። የዲግሪ ግምገማ ድርጅቶችም ዘንድ በግልጽ ካልተጠየቀ አስቀድሞ ዶላር ማውጣት አያስፈልግም። የእንግሊዝኛ ፈተናን በሚመለከት አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይበቃቸዋል፤ ካልበቃቸው የቶፍልም ሆነ የአይኤልትስ ውጤት ሁለት ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል አስቦ ቀኑን መምረጥ ነው። በማክስ ፕላንክም ሆነ በኦስትሪያው ኢንስቲትዩት የማመልከቻ ክፍያ የለም። ከአሜሪካኖቹ ግን ብዙዎቹ ለአንድ ማመልከቻ ሰባ አምስት ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈልም ከባድ ነው። የክፍያ ነፃ ማድረጊያ ጥያቄ የሚቀርበው ከማመልከቻው መዝጊያ በፊት ነውና በመጨረሻው ቀን የሚጠይቅ አያገኝም።

ቀኖቹም በእኛ አቆጣጠር ቢጻፉ ብዙ ይጠቅማል። ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች የሚዘጉት ዲሴምበር 1 ቀን ነው፤ ይህ በአብዛኛው ዓመት የኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። የኦስትሪያው ኢንስቲትዩት በተለምዶ ጃንዩወሪ 8 ቀን ይዘጋል፤ የገና ማግስት ማለት ነው፤ በበዓል ማግስት ኢንተርኔት ቤት ክፍት ላይሆን ይችላል። በክረምት ወራት የማዕከላዊ አውሮፓ እኩለ ሌሊት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ደግሞ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዳንዴ «አለፈብኝ» ብሎ የተተወ ማመልከቻ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል።

ለተጣመሩ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ከፊሉ እዚህ ከፊሉ ውጭ ለሚሠራ ዶክትሬት፣ የናሙና ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይወስዳል። የሰው ደም ወይም ሌላ ናሙና ከአገር ለማውጣት መጀመሪያ የተቋሙ፣ ከዚያም የብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ በላዩም በላኪና በተቀባይ መካከል የናሙና ማስተላለፊያ ውል ያስፈልጋል። የዕፅዋት፣ የእንስሳትና የረቂቅ ተሕዋስያን ናሙና ከሆነ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርካቦት (ሀብቱን የማግኘት ፈቃድ) የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከተዋል፤ ፈቃጁም የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ውሉን የሁለት ተቋማት የሕግ ክፍሎች እየተመላለሱ ስለሚያርሙት ወራት ይፈጃል። ውጭ ያለው አማካሪ ይህን አያውቅም፤ የጊዜ ሰሌዳውን «ናሙና በሦስተኛው ወር ይደርሳል» ብሎ ያወጣል፤ ተማሪው ስድስት ወር የቪዛ ጊዜውን ባዶ እጁን ይቀመጣል። መፍትሔው የሥነ ምግባር ማመልከቻውን ከምዝገባው ጋር ጎን ለጎን መጀመር፣ የመጀመሪያውን ውጭ ቆይታ ናሙና በማያስፈልገው ሥራ፣ ለምሳሌ በመረጃ ትንተና ወይም በላቦራቶሪ ዝርያዎች ዘዴ በማዘጋጀት፣ መሙላት ነው። በዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ በትምህርት ፈቃድ የሚሄድም የተመላሽነት ውሉንና የዋሱን ጉዳይ ቪዛ ከመጠየቁ በፊት ይጨርስ።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ይህን ነው። የዶክትሬት ዕድል ስታወጡ ከአገሩና ከዩኒቨርሲቲው ስም ጋር ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ መራጩ ኮሚቴ ይሁን ወይስ አንድ ፕሮፌሰር፣ የሚጠይቀው ዲግሪ፣ የዜግነት ወይም የመኖሪያ ገደቡ፣ የመዝጊያው ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። በተቋሙ በራሱ ድረ ገጽ ላይ የሌለና በአማካሪ ስልክ ቁጥር ብቻ የመጣ ማስታወቂያ ሲሆን ደግሞ ባይታተም ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር
የሞለኪዩላር ባዮሎጂ መምህር፣ አዲስ አበባ